በባሕር ዳርቻ አሮጌ ቤት ለምትሠሪ እህቴ፦ የእርሳስ ቀለም ጉዳትና ምርመራው

ይህን የምጽፍልሽ እኔም እንዳንቺ የቤት ሠራተኛ ነኝ። ሊባኖስ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ስድስቱን ዓመት የሠራሁት ቤይሩት ውስጥ፣ ከባሕሩ የአሥር ደቂቃ መንገድ በማይሞላ አሮጌ ቤት ነው። ክሎርን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፣ ጋዝ ሳትዘጉ አትተኙ ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። በየቀኑ ከመስኮት ላይ ስለምንጠርገው የቀለም ብናኝ ግን የሚነግረን የለም። እኔ ያወቅሁት የማሳድገው ሕፃን ታሞ ቤቱ ሲመረመር ነው። ያወቅሁትን በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

እርሳስ ስንል የቱን ነው?

የምንጽፍበትን አይደለም። የደብተር እርሳስ ውስጡ ግራፋይት የሚባል የከሰል ዘመድ ነው፤ አይመርዝም። እኔ የምለው ብረቱን እርሳስ ነው፦ ከባድ፣ ለስላሳ፣ ግራጫ ብረት፤ የመኪና ባትሪና ጥይት የሚሠራበት። ዐረቦቹም «ርሳስ» ነው የሚሉት፤ ስለዚህ ስሙ አይጠፋብሽም።

ድሮ ይህን ብረት ቀለም ውስጥ ይጨምሩት ነበር። ቀለሙ እንዲደምቅ፣ ቶሎ እንዲደርቅ፣ ውሃና ዝገት እንዲችል ያደርገዋል። በነጭ ቀለም ውስጥ ነጭ እርሳስ፣ ብረት ላይ መጀመሪያ በሚቀባው ብርቱካናማ አንቲረስት ውስጥ ደግሞ ቀይ እርሳስ ይገባል። በአንዳንድ የድሮ ነጭ ቀለም ከደረቀው ቀለም እስከ ግማሽ የሚሆነው ክብደት እርሳስ ነበር። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም የሚመክሩት በአንድ ኪሎ ቀለም ከ90 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ነው። ግማሽ ኪሎ የት፣ 90 ሚሊግራም የት!

ጉዳቱ ትናንት የተገኘ ነገር አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1921 ስለ ነጭ እርሳስ ባወጣው ስምምነት ሴቶችና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ነጭ እርሳስ ባለበት የኢንዱስትሪ ቅብ ሥራ ላይ እንዳይሠሩ ከልክሎ ነበር። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የሚውለውን የእርሳስ ቀለም በ1978 ከለከለች። አገራችንም በ2018 የእርሳስ ቀለም መቆጣጠሪያ ደንብ አውጥታለች። ነገር ግን ሕግ ሱቅ ውስጥ ያለውን አዲስ ቀለም ይከለክላል እንጂ ድሮ ግድግዳና መስኮት ላይ የተቀባውን አያነሳም። አሮጌው ቀለም በላዩ አዲስ እየተደረበበት እዚያው አለ።

ለምን አሮጌ ቤት? ለምን የባሕር ዳርቻ?

በቤይሩት፣ በትሪፖሊ፣ በሳይዳና በሱር ከፈረንሳዮች ዘመን ጀምሮ የቆሙ ብዙ ቤቶች አሉ። ቅስት ያለው መስኮት፣ «አባጁር» የሚባለው የእንጨት መዝጊያ፣ የብረት በረንዳ። ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1980 በፊት የተሠራ ከሆነ የእርሳስ ቀለም ሊኖርበት ይችላል ብለሽ አስቢ።

ባሕሩ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። የባሕር ነፋስ ጨው ያመጣል፤ ጨውና እርጥበት ብረትን ያዝጋሉ። ዝገት ሲያብጥ ቀለሙን ከሥሩ ገፍቶ ይጥለዋል። እንጨቱም ክረምት እርጥበት ይጠጣና ያብጣል፣ በጋ ይደርቅና ይኮማተራል፤ ቀለሙ ይሰነጠቃል። በእጅሽ ስትነኪው እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚላጥ ቀለም በባሕር በኩል ባለው መስኮት ላይ የሚበዛው ለዚህ ነው። የባሕር ዳርቻ ብረት ቶሎ ስለሚዝግ በተደጋጋሚ አንቲረስት ሲቀባ ኖሯል፤ ስለዚህ በበረንዳ ብረትና በበር ላይ ያለው ንብርብር ወፍራም ነው።

ቤይሩት ላይ ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 2020 ወደቡ ሲፈነዳ በጀማይዜ፣ በማር ሚካኤልና በአካባቢው ያሉ አሮጌ ቤቶች ተጎድተዋል። ዩኔስኮ ያኔ ወደ 640 የሚጠጉ ታሪካዊ ሕንፃዎች መጎዳታቸውን ተናግሯል። የተሰበረ በርና መስኮት ሲጠገን፣ ሲፋቅ፣ ሲላግ አሮጌው ቀለም አቧራ ይሆናል። ያን አቧራ የሚጠርገው ማን እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን።

ወደ ሰውነት እንዴት ይገባል?

ደህና ሆኖ የተቀመጠ፣ ያልተላጠ ቀለም በመነካቱ ብቻ አይጎዳም። ጉዳቱ ብናኙ ነው። መስኮት ሲከፈትና ሲዘጋ እንጨት ከእንጨት ይፋተጋል፤ ዓይን የማያየው ዱቄት ይወርዳል። ዱቄቱ በመስኮቱ ደፍ ላይ፣ በወለሉ ላይ፣ በበረንዳ ላይ በተሰጣ ልብስ ላይ ያርፋል። ከዚያ በእጅ ወደ አፍ ይሄዳል፤ ደረቅ መጥረጊያ ሲነካው ደግሞ ተነሥቶ በትንፋሽ ይገባል።

ሕፃናት ወለል ላይ ይድሃሉ፣ ያገኙትን አፋቸው ውስጥ ይከታሉ። የእርሳስ ቀለም ጣዕሙ ይጣፍጣልና ቅርፊቱን ይበሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትንሽ ልጅ ከዋጠው እርሳስ ውስጥ ሰውነቱ የሚወስደው ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ነው። ጉዳቱም አንጎል ላይ ነው፤ ትምህርት መቀበልን፣ ትኩረትንና ጠባይን ያበላሻል፤ የተበላሸው ደግሞ መልሶ አይጠገንም።

እኛም አንተርፍም። ራስ ምታት፣ ድካም፣ የሆድ ቁርጠት፣ ድርቀት፣ የደም ማነስ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መርሳት፣ የደም ግፊት ያመጣል። ችግሩ እነዚህን ሁሉ «ሥራ ስለበዛብኝ ነው»፣ «ናፍቆት ነው» ብለን እናልፋቸዋለን። እርሳስ ደግሞ በምልክት ብቻ አይታወቅም፤ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይቀመጣል።

አንድ ነገር አስምሪበት። እርሳስ ከደም ወጥቶ አጥንት ውስጥ ይገባና ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል። ሴት ስታረግዝ ሰውነቷ ለልጁ ካልሲየም ከአጥንቷ ያወጣል፤ አብሮ እርሳሱም ይወጣና በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል። ውርጃ፣ ያለ ቀኑ መውለድ፣ ክብደቱ ያነሰ ልጅ ሊያስከትል ይችላል። ማለትም ዛሬ ቤይሩት የጠረግሽው አቧራ ነገ አገርሽ ገብተሽ የምትወልጂውን ልጅ ሊነካ ይችላል። ይህን የምጽፍልሽ ላስፈራሽ አይደለም፤ አሁን ማድረግ የምትችይው ነገር ስላለ ነው።

ቀለሙ የሚመረመረው እንዴት ነው?

በዓይን አይታወቅም። ቀለም አሮጌ መሆኑን ታያለሽ እንጂ እርሳስ መኖሩን አታይም። ሦስት ዓይነት ምርመራ አለ።

1. የጥጥ እንጨት። በፈሳሽ የራሰ ጥጥ ቀለሙ ላይ ይታሻል፤ እርሳስ ካለ ቀለሙን ይለውጣል፤ አንዱ ዓይነት ወደ ሮዝና ቀይ፣ ሌላው ወደ ጥቁር። ርካሽ ነው፣ ወዲያው ይታያል። ግን ሙሉ በሙሉ አይታመንም። ላይ ላዩን ብቻ ከታሸ ከሥር ያለውን አሮጌ ንብርብር አያገኝም። ወደ ቀይ የሚለወጠው ዓይነት ጂፕሰም ባለበት ልስን ላይ ሊሳሳት ይችላል፤ ቀዩ ቀለም ራሱ ጥጡን ሲያቀላም «አለ» ያስመስላል። «የለም» ቢልም ቤቱ ነፃ ነው ማለት አይደለም።

2. ቤተ ሙከራ። ከላይ እስከ እንጨቱ ወይም እስከ ብረቱ ድረስ ሁሉም ንብርብር ያለበት ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ይላካል። ውጤቱ በቁጥር ይመጣል። ቁራጩን የሚወስደው ሰው ቦታውን አርጥቦ፣ ከሥሩ ፕላስቲክ አንጥፎ ነው የሚወስደው። የወለሉና የመስኮቱ ደፍ አቧራም በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ሊመረመር ይችላል፤ ልጅ ላለበት ቤት ይሄ በጣም ይጠቅማል።

3. በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መሣሪያ። ግድግዳው ላይ ይደገፋል፤ በጥቂት ሴኮንድ ከሥር ያለውንም ንብርብር ያነብባል፤ ምንም አይቆርጥም። ውድ ነው፤ የሠለጠነ ሰው ያስፈልገዋል።

እኔ ባለሁበት ቤት የመጣው ባለሙያ ይህን መሣሪያ ይዞ ነበር። ክፍል በክፍል ዞረ። ሳሎኑና መኝታ ቤቶቹ ግድግዳቸው ደህና ሆኖ ተገኘ። አባጁሮቹ፣ የመስኮቶቹ ክፈፍና የበረንዳው ብረት ግን ከፍተኛ እርሳስ ነበረባቸው። እኔ የምተኛበት ትንሽ ክፍል መስኮትም እንደዚያው። ባለሙያው ሊያልፈው ሲል «ይሄም መስኮት አለው» ብዬ በሩን ከፈትኩለት። ምርመራ ቢመጣ አንቺም ክፍልሽን አስቆጥሪ፤ እዚያ የሚተነፍሰው ሰው ነው።

አንቺ ራስሽ ቀለም እየቆረጥሽ ለምርመራ እንዳትወስጂ። ቤት አበላሸች ሊባል ይችላል፤ አቧራውም አንቺ ላይ ነው የሚበተነው። ፎቶ ማንሳት ከፈለግሽም አስፈቅደሽ፣ የተላጠውን ቀለም ብቻ አንሺ፤ ሰው እንዳይገባበት። ያለ ፈቃድ ሰውን ወይም የሰው ቤት ውስጥን ፎቶ ማንሳት ክስ ሊያመጣብሽ ይችላል።

ደምሽን ስትመረመሪ

የሚታመነው ከክንድ ደም ሥር የሚወሰደው ደም ነው። ከጣት ከተወሰደ እጅ ላይ ያለ አቧራ ውጤቱን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ከፍ ካለ ከክንድ ይደገማል። በዐረብኛ እንዲህ በይ፦ «በዲ አዕሚል ፈሕስ ርሳስ ቢድደም»። በደም ውስጥ የእርሳስ ምርመራ ማድረግ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ተራ የደም ምርመራ ይህን አያሳይም፤ በስም ካልተጠየቀ አይሠራም።

ውጤቱ በማይክሮግራም በዴሲሊትር ይጻፋል። ምንም አይጎዳም የሚባል መጠን የለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2021 ጀምሮ የአንድ ልጅ ውጤት 3.5 ከደረሰ ከየት እንደመጣ እንዲፈለግ ይመክራል።

በእኛ ቤት ሕፃኑ ወዲያው ተመረመረ። ወላጆቹም ተመረመሩ። መስኮቱን በየቀኑ የምወለውለው እኔ ግን በማንም ሐሳብ አልመጣሁም። ማዳምን ጠየቅኋት፤ «አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ፣ ምን ትሆኛለሽ?» አለችኝ። ለሕፃኑ ሐኪም ቀጠሮ ስንሄድ ሐኪሟን ራሷን ጠየቅሁ። እሷ ናት «አቧራውን የምትነካው እሷ ስለሆነች ግዴታ ትመርመር» ያለችው። የኔ 11 ሆኖ ተገኘ። ከቤቱ ሰው ሁሉ የኔ ይበልጥ ነበር።

በዚህ መጠን መድኃኒት አይሰጥም። እርሳስን ከሰውነት የሚያወጣው መድኃኒት በጣም ከፍ ላለ መጠን ነው፤ በሐኪም ክትትል ብቻ ይሰጣል። ዋናው ሕክምና ምንጩን ማቆም ነው። ከሦስት ወር በኋላ ሲደገምልኝ ወደ 7 ወርዶ ነበር። እርጉዝ ከሆንሽ፣ የምታጠቢ ከሆነ፣ ወይም ልታረግዢ ካሰብሽ ይህን ለሐኪሙ ቀድመሽ ንገሪው። የወረቀቱን ቅጂ ተቀብለሽ አስቀምጪ፤ ውጤቱ የአንቺ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ዐይን ላይ የሚደረግ የአካባቢው ባህላዊ ኩል ብዙ ጊዜ ከእርሳስ ማዕድን ይሠራል። የምትጠቀሚ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ከሁሉ የሚሻለው መተው ነው።

እስከዚያው እንዴት ታጸጂያለሽ?

ምርመራ እስኪደረግ መጠበቅ አያስፈልግም። ይህ ሁሉ ብር የማያስወጣ ነው።

– ደረቅ መጥረጊያና ላባ መወልወያ አትጠቀሚ። መስኮት፣ ደፍና በረንዳ በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ ይጠረግ።
– ሁለት ባልዲ ያዢ፤ አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ለማለቅለቂያ። ውሃው ሲቆሽሽ ለውጪው፤ ያለዚያ አቧራውን ከክፍል ወደ ክፍል ማዞር ነው። ውሃውን ሽንት ቤት ድፊው እንጂ የአትክልት ማሰሮ ላይ አታፍሺው።
– ተራ ቫኪዩም አትጠቀሚበት። ደቃቁ ብናኝ በኋላው በኩል ወጥቶ ክፍሉን ይሞላዋል። ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ ያለው ብቻ ይሠራል።
– የወደቀ ቅርፊት በእርጥብ ወረቀት ልቀሚና በፕላስቲክ አስረሽ ጣይ።
– ጓንት አድርጊ። ስትጨርሺ እጅሽንና ፊትሽን በሳሙናና በውሃ ታጠቢ። የእጅ ሳኒታይዘር ጀርም ይገድላል እንጂ እርሳስ አያነሳም።
– የሥራ ልብስሽን ከሕፃኑ ልብስ ለይተሽ እጠቢ። በዚያ ልብስ ሕፃን አትቀፊ፣ አልጋሽ ላይም አትቀመጪ።
– ነፋስ ባለበት ቀን ልብስ ከሚላጥ በረንዳ ላይ አታስጪ።
– የሕፃኑን አልጋና መጫወቻ ከመስኮቱ ሥር አርቂ። እጁን ከመብላቱና ከመተኛቱ በፊት እጠቢለት።

ምግብም ይረዳል። ባዶ ሆድ እርሳስን ይበልጥ ይስባል። ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ሲ ያለው ምግብ ደግሞ ይቀንሰዋል፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ እርጎ፣ ብርቱካን። የምትጾሚ ከሆነ ጾምሽን አትተይ፤ ነገር ግን የመስኮቱንና የበረንዳውን ሥራ ከተመገብሽ በኋላ አድርጊው፤ ከመብላትሽ በፊትም በደንብ ታጠቢ። ምግብ የአቧራውን ቦታ አይተካም፤ ያግዛል እንጂ።

ጥገና ሲጀመር

ከሁሉ የከፋው ጊዜ ይህ ነው። አሮጌ ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ከተላገ፣ በማሽን ከተፋቀ ወይም በእሳት ከተቃጠለ አንድ መስኮት ብቻ ቤቱን ሁሉ ይበክላል። ትክክለኛው መንገድ ቦታውን በፕላስቲክ ዘግቶ፣ እያረጠቡ መሥራት፣ በመጨረሻም በእርጥቡ ማጽዳት ነው። ሕፃናትና እርጉዝ ሴት እስኪያልቅ ቤቱ ውስጥ ባይሆኑ ይመረጣል።

«እስቲ አንቺ ያንን መስኮት ፋቂው» ቢሉሽ፣ ይህ የቤት ሥራ አይደለም፤ የቀለም ቀቢ ሥራ ነው። ተራ የጨርቅ ማስክ ይህን ብናኝ አያቆምም። እንቢ ለማለት ከከበደሽ «እኔ አላውቅበትም፣ አበላሸዋለሁ፣ ባለሙያ ይሥራው» በይ። ወቀሳ የሌለበት እንቢታ ነው።

ማዳምን እንዴት እናናግር?

«ቤትሽ መርዝ አለበት» ብለሽ ብትጀምሪ በሩ ይዘጋል። በሷ ልጅ በኩል ግቢ። ሰላም በሆነ ሰዓት፣ ሰው በሌለበት፣ የተላጠውን ቦታ እያሳየሽ እንዲህ በያት፦ «ማዳም፣ ኢድ-ድሃን ቀዲም። ዩምኪን ፊ ርሳስ። ኻይፌ ዐል ወለድ»። ቀለሙ አሮጌ ነው፤ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ ለልጁ ፈራሁ ማለት ነው። የሕፃኑን ሐኪም እንድትጠይቅ ንገሪያት። ከሐኪም አፍ የወጣ ቃል ከኛ ቃል ይልቅ ይሰማል፤ መራራ ነው፣ ግን ይሠራል። ልጁ እንዲመረመር ከተወሰነ ያኔ «እኔም አብሬ ልመርመር» በይ።

መብትሽስ?

የሊባኖስ የ1946 የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አድርጓል። ሆኖም ከ2009 ጀምሮ ያለው አንድ ወጥ የሥራ ውል አሠሪው ሕክምናሽን እንዲያሟላና የጤና መድን እንዲገባልሽ ያዛል። መድኑ ይህን የደም ምርመራ ይሸፍን እንደሆነ ወረቀቱን አሳይተሽ ላቦራቶሪውን ጠይቂ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2011 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 189 የቤት ሠራተኛ ጤናማና አስተማማኝ የሥራ ቦታ የማግኘት መብት አላት ይላል፤ ሊባኖስ አላጸደቀችውም፤ ቢሆንም ለመከራከር የምንጠቅሰው ሚዛን እሱ ነው። ኩዌት በ2015፣ ኳታር በ2017፣ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ በ2022 የቤት ሠራተኛን የሚመለከት የራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል፤ እዚያ ያለሽ እህቴ ውልሽን በዚያ ሕግ መሠረት አስነብቢ።

ታመሽ ሕክምና ከተከለከልሽ ቀኑን፣ የተባልሽውንና የሠራሽውን ሥራ በአማርኛ እየጻፍሽ አስቀምጪ። ቤቱን በድንገት ጥለሽ ከመውጣትሽ በፊት ምክር ጠይቂ፤ በከፋላ ሥርዓት «ጠፋች» የሚል ሪፖርት ወረቀትሽን ያሳጣሻል። ሊባኖስ ውስጥ በራሳችን እህቶች የተቋቋመው እኛ ለእኛ በስደት አለ፤ ካሪታስ ሊባኖስም ስደተኞችን ይረዳል፤ ቆንስላውም አለ። ሕፃን ወይም አንቺ ራስሽ መንቀጥቀጥ፣ መፍዘዝ ወይም ማቆሚያ የሌለው ትውከት ከመጣባችሁ ነገ አትበይ፤ የሊባኖስ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ140 ይጠራል።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ዛሬ ማድረግ ከቻልሽ፣ ነገ ጠዋት ደረቁን መጥረጊያ አስቀምጪና በመስኮቱ ደፍ ላይ እርጥብ ጨርቅ አሳልፊ። ከዚያ እጅሽን ታጠቢ። ቀጥሎ ለምርመራው ጠይቂ፤ ለልጁም፣ ለራስሽም።